ከኢንተርኔት ነፃ አደባባይ

ባለፈው ሳምንት «ነፃ የሕዝብ ኢንተርኔት» የሚል ሰሌዳ በተተከለበት አደባባይ ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥቼ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምኩ በኋላ፣ የትንንሽ ከተሞች አስተዳደሮች በሚያወጡት የቴክኖሎጂ ዕቅድ ላይ እስከ ዛሬ የሰነዘርኩትን ነቀፌታ ሁሉ ለማንሣት ወሰንኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰሌዳውን አጣምሜ አንብቤዋለሁ። አደባባዩ ነፃ መሆኑ እውነት ነው፤ ከኢንተርኔት ነፃ ነው። አንባቢም እንዲህ ባለ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ስለሚያውቅ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

አንድ ትንሽ የከተማ አስተዳደር፣ የቢሮዎቹ ኮምፒውተሮች አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ባቆመበት ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እየሠሩ፣ የመዝገቦቹ መጠባበቂያ ቅጂ ከዚያው ከሰርቨሩ ጎን በተቀመጠ ዲስክ ላይ እየተያዘ፣ ባለጉዳይም «ሲስተም የለም» እየተባለ በሚመለስበት በዚያው ሳምንት «ስማርት ከተማ» ለመሆን መወሰኑ ብርቱ ልብ ይጠይቃል። ተራ ሰው ቢሆን ከመጠባበቂያ ቅጂው ይጀምር ነበር። ግን መጠባበቂያ ቅጂን ማን ይመርቀዋል? ሌላ ሕንፃ ውስጥ በተቆለፈ ዲስክ ፊት ሪባን ዘርግቶ ፎቶግራፍ መነሣት ለማን ያምራል? የዋይፋይ ምሰሶ ግን ከሩቅ ይታያል፤ ባነርም ይሸከማል።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የመግቢያ ገጹን ነው። ስልኬ የኔትወርኩን ስም እንዳገኘ ገጹ ተከፍቶ ሙሉ ስሜን፣ የትውልድ ዘመኔን፣ ስልክ ቁጥሬን፣ የኢሜይል አድራሻዬን፣ በመጨረሻም ኢንተርኔቱን ለምን ዓላማ እንደምፈልገው ጠየቀኝ። «ለመጠቀም» ብዬ ብጽፍ ምክንያቱ አጭር ነው ብሎ መለሰብኝ፤ «ኢንተርኔትን በኢንተርኔትነቱ በአግባቡ ለመጠቀም» ብዬ ሳሰፋው ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ቀጥሎም የማረጋገጫ መልእክት ወደ ኢሜይሌ መላኩን፣ እሱን ከፍቼ ካላረጋገጥኩ ኢንተርኔት እንደማይሰጠኝ አስታወቀኝ። ኢሜይል ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ኢሜይሉ መከፈት አለበት። ስለዚህ ነፃውን አጥፍቼ ከኪሴ የከፈልኩበትን የሞባይል ዳታ አበራሁ፤ በተገዛ ኢንተርኔት ነፃ ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ አገኘሁ። ስመለስ የምዝገባው ጊዜ አልፏል። እንደገና ልመዘገብ ብል «ይህ አድራሻ ቀድሞ ተመዝግቧል» አለኝ፤ የይለፍ ቃሌን ረስቼ እንደሆነም በትሕትና ጠይቆኝ፣ ለማስታወሻ የሚሆን ሌላ መልእክት ወደዚያው ኢሜይል ላከልኝ። በአራተኛው ሙከራ ገባሁ። የተፈቀደልኝ አሥራ አምስት ደቂቃ መቁጠር ሲጀምር «እንኳን ደህና መጡ» ከሚለው ጽሑፍ በታች የምረቃው ዕለት የተነሣ ግዙፍ ፎቶግራፍ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። በመጀመሪያ ሰማዩ መጣ፤ ከዚያ የሰሌዳው ጫፍ፣ ከዚያ በተርታ የቆሙት የክብር እንግዶች ፀጉር፣ ግንባር፣ መነጽር። በዘጠነኛው ደቂቃ ፈገግታቸው ደረሰ። በአሥራ ሦስተኛው ደቂቃ ከረባቶቻቸው መታየት ጀመሩ። መቀሱን ሊያሳየኝ ጥቂት ሲቀረው ጊዜዬ አለቀና ገጹ እንደገና ኢንተርኔቱን ለምን ዓላማ እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው እንኳ ወተቷን አላይም አለ እንጂ፣ ላሟን ለማየት ኢሜይሉን አልተጠየቀም።

የምሰሶውንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ዋይፋይ በአየር የሚጓዘው በምሰሶውና በስልኩ መካከል ያለችውን አጭር ርቀት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የፋይበር መስመር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና በየወሩ የሚመጣ ሂሳብ ነው። «ገመድ አልባ» የሚለውን ስም አምኖ የተቀበለ ዕቅድ አውጪ ግን ገመዱንም የገመዱንም ክፍያ ከበጀቱ ያወጣቸዋል። የቦታ ጥናቱንም ዛፎች ቅጠላቸውን ባራገፉበት ወቅት ያስጠናል፤ ውኃ ያዘለ ቅጠል የዋይፋይን ሞገድ፣ ይልቁንም ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚሠራውን የ5 ጊጋኸርዙን፣ እንደሚያዳክም የሚታወሰው ዛፎቹ ሲለመልሙ ነው። ከዚህም የሚረቅ ምሥጢር አለ። አንዳንዴ ስልኩ ሙሉ ምልክት እያሳየ አንድም ገጽ አይከፍትም፤ ምሰሶው በብርቱ ኃይል ስለሚያስተላልፍ ስልኩ ይሰማዋል፣ የስልኩ ደካማ ምላሽ ግን እምሰሶው ዘንድ አይደርስም። ምሰሶው ይናገራል እንጂ አይሰማም ማለት ነው። ከገዢዎቹ ጠባይ ጋር እንዲህ የተስማማ መሣሪያ በየትኛው ጨረታ እንደተገኘ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ይህን ጥበብ ትልልቆቹ ከተሞች ጀምረውት ነበር። የአሜሪካዋ ፊላዴልፊያ 135 ስኩዌር ማይል ያህል የሚሸፍነውን ክልሏን ሁሉ በዋይፋይ ለማዳረስ እ.ኤ.አ. በ2004 ዕቅዷን ስታስታውቅ ዓለም ጉድ አለ፤ ወጪውን ችሎ ከደንበኞች ክፍያ ሊያተርፍ የገባው ኩባንያ ሒሳቡ አልመጣ ሲለው በ2008 ጥሎ ወጣ። የሳን ፍራንሲስኮ ተመሳሳይ ዕቅድ በ2007 ከወረቀት ሳይወርድ ቀረ። ለዚህ ሁሉ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የእኛ ዘመን ትንሽ ከተማ ግን ከማስታወቅ እስከ መክሸፍ ያለውን መንገድ በአንድ የበጀት ዓመት ታጠናቅቀዋለች፤ የዲጂታል ፍጥነት ሲባል የሰማነው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በተቃራኒው የአውሮፓ ኅብረት የሠራው ጭካኔ አሳዝኖኛል። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለማዘጋጃ ቤቶች የሕዝብ ዋይፋይ መትከያ የ15,000 ዩሮ ቫውቸር ሲሰጥ፣ ገንዘቡ ለመሣሪያና ለተከላ እንዲውል፣ የኢንተርኔቱን ክፍያና ጥገናውን ግን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ቢያንስ ለ3 ዓመት እንዲሸፍን ግዴታ አስገባ። ሦስት ዓመት! ፎቶግራፉ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እምሰሶ ሥር ምን ሲሠራ ይኖራል?

እዚህ ላይ ሽሙጡን ለአፍታ ላቁመው። በዚያ ምሽት ከአጠገቤ ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ የትምህርት ማመልከቻ እየሞላች ነበር፤ የማስገቢያው ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል። ሦስት ጊዜ ሞላችው፣ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። ቤቷ ኢንተርኔት የለም፤ ሰሌዳውን አምና ነው የመጣችው። የሌለን አገልግሎት አለ ብሎ መለጠፍ ውሸት ነው። ውሸቱም የሚጎዳው በኪሴ ሌላ አማራጭ የያዝኩትን እኔን ሳይሆን፣ ሰሌዳው ባይኖር ኖሮ ገና በቀን ሌላ መላ ትፈልግ የነበረችውን እሷን ነው። ለባነር ገንዘብ የሚያገኝ ቢሮ፣ መሣሪያው ሲቆም መሰላል ወጥቶ የሚያየው አንድ ቴክኒሻን ለመቅጠር ገንዘብ የለኝም ሲል አያፍርም? በሞባይል ዳታዬ አገናኘኋትና ማመልከቻው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገባ። ሰሌዳው ከራሳችን በላይ በራሱ መብራት ደምቆ ይታይ ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ የምሥራችም አለኝ። የፕሮጀክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ጸድቆ ሦስት ተጨማሪ አደባባዮች ነፃ ሊወጡ ነው። ነዋሪዎች አስተያየታቸውን በኢንተርኔት ብቻ፣ ያውም በሕዝቡ ዋይፋይ መግቢያ ገጽ በኩል እንዲያስገቡ የተጠየቁ ሲሆን፣ እስካሁን አንድም ቅሬታ አለመቅረቡ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስኬት ማስረጃ ተደርጎ በሪፖርቱ ሰፍሯል። ለአዲሱ ምዕራፍ ዝግጅት የነባሩ ንብረት ሲቆጠር ከስድስቱ መሣሪያዎች ሁለቱ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደማያገኙ፣ የአንደኛው የይለፍ ቃል ሥራውን ከለቀቀ ሠራተኛ ጋር አብሮ እንደሄደ፣ ሌላው ደግሞ በየትኛው ምሰሶ ላይ እንደተሰቀለ የሚያስታውስ ሰው እንደጠፋ ታውቋል። ፎቶግራፉ ላይ ሳላየው የቀረሁት መቀስ ግን በቀይ ከፋይ በተለበጠ ሣጥኑ ውስጥ፣ ኃላፊ ተመድቦለት፣ በፊርማ ወጥቶ በፊርማ እየተመለሰ፣ በየሦስት ወሩም ዘይት እየተቀባ በሙሉ ጤንነት ይገኛል።