በሩ ለስድስት ወር ይዘጋ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «የበጎ አድራጎት ክለብ አዲስ አባል መመልመሉን ለስድስት ወር አቁሞ፣ ያሉትን ይያዝ።» የሚከራከሩት የአንድ ክለብ ሰዎች ናቸው። ደጋፊው አንጋፋ አባል ናቸው፤ ተቃዋሚዋ የምልመላ ኮሚቴውን የምትመራ ወጣት ናት።

ደጋፊ፦
ባለፈው ወር የክለቡን መሳቢያ ሳጸዳ ስድስት ባጆች አገኘሁ። ስም አላቸው፣ ባለቤቶቹ ግን የሉም። አንደኛውን ልጅ በደንብ አስታውሰዋለሁ። የገባ ዕለት አጨበጨብንለት፤ ባጁን ደረቱ ላይ አድርገንለት ፎቶ ተነሳን። በሚቀጥለው ስብሰባ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኛ የድሮ ጨዋታችንን ይዘናል። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተ፣ ሰዓቱን አየ። «አንተስ ምን መሥራት ትወዳለህ?» ያለው ሰው የለም። ሦስት ጊዜ መጥቶ ቀረ። የደወልንለት መዋጮ ሲወዘፍበት ነው። እስካሁን ያሳፍረኛል። እንስራው እያፈሰሰ ወንዝ ለወንዝ መመላለሱ ድካም ነው። ቀዳዳው መጀመሪያ ይደፈን።

ተቃዋሚ፦
ጋሼ፣ ያንን ወንበር እኔም አውቀዋለሁ። ስገባ የተቀመጥኩት እዚያው ነው። ግን ልጁን ያባረረው ምልመላው አይደለም፤ ክለቡን ለነባሮቹ እንዲመች አድርገን መያዛችን ነው። ይህን ቶሎ የሚያየው ደግሞ አዲስ ገቢው ነው። ሮታሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክለብ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ሲመሠረት የወንዶች ክለብ ነበር። ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ደንቡን የቀየረው በ1989 ነው፤ ያውም ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ። በሩ ሲዘጋ ማን ውጭ እንደሚቀር ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

ሌላም አለ። በየዓመቱ ሥራ የሚቀይር፣ ቤት የሚለቅ፣ የሚታመም አባል አይጠፋም። ሰው ካልተተካ ጫናው እነዚያው አራት አምስት ሰዎች ላይ ይወድቃል። እነሱም ይሰለቻሉ። ነባሩን ለማቆየትኮ አዲስ እጅ ያስፈልጋል!

ደጋፊ፦
ልጄ፣ ስለ ጫናው ልክ ነሽ። ሮታሪን ካነሳሽ ግን የድሮው ደንቡ አራት ተከታታይ ስብሰባ የቀረን አባል ሊያሰናብት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ለክለቦቹ ላላ አድርጎላቸዋል። ደግ አደረገ፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው በየሳምንቱ ከየት ያመጣል? እኛም አላላን። ግን የስም መቆጣጠሪያውን ስንተው «እገሌ የት ጠፋ?» ማለቱንም አብረን ተውነው። እኔን የቆጨኝ ይሄ ነው። እያንዳንዱ አዲስ አባል በገባ በ30 ቀን ውስጥ በእጁ ሥራ ይኑረው፣ የሚደውልለት አንድ ነባር ይመደብለት። ይህን ሳንለምድ ሰው መጥራት እሱንም መበደል ነው።

ተቃዋሚ፦
ሥራውንም አጋሩንም እቀበላለሁ። መዝጋቱን ግን አልቀበልም። ባለፈው የደም ልገሳ ቀን አንዲት ሴት ደም ሰጥታ ስትጨርስ አልሄደችም። ወረፋውን ስታስተናግድ፣ የደከመውን ስታስቀምጥ ዋለች። ማታ ወንበር እያነሳን «አባል የሚኮነው እንዴት ነው?» አለችኝ። «ከስድስት ወር በኋላ ነይ» ልበላት? ቅጹን ሰጠኋት። ማክሰኞ ትመጣለች። ጋሼ፣ ፈቃድዎ ከሆነ አጋሯ እርስዎ ይሁኑላት።