አላዘዝኩህም

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚቀየረው ሰላምታው ነው። ቪትዟን ከመግዛቴ በፊት የሳቢያን ሰፈር ጎረቤቶቼ «እንዴት አደርክ አቦ?» ይሉኝ ነበር። አሁን «መኪናዋ ደህና ናት?» ሆኗል። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ስተኛ ብቅ ያለ ሰው የለም። ጎማዋ ተንፍሶ ግማሽ ቀን በር ላይ የቆመች ዕለት ግን ሰባት ሰው አንኳኳ። አንዷ ጎረቤቴ አጥሚት ይዛ ነው የመጣችው፤ ለማን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

«ነዳጁን እኛ እንችላለን» የሚባል ንግግርም አለ። ሰውዬው ነዳጅ ሊችል አስቦ የሚለው እንዳይመስላችሁ፤ ምሳ እየበላ «እንብላ» እንደሚል ሰው ነው፣ ቁጭ ካልክበት ይደነግጣል። እኔ ሦስት ሰዓት ወረፋ ይዤ የቀዳሁትን ቤንዚን በአንድ ጠዋት ለሰርግ ጥሪ፣ ለክርስትና እና ከነምበር ዋን ሰፈር ሽማግሌ ለማምጣት ጨርሼው አውቃለሁ። ቪትዟን ጃፓኖች ለአምስት ሰው ሠሯት፤ ሳቢያን ለሰባት አሻሻላት።

ሃምሳ አለቃ የሚሉት ጎረቤት አለኝ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ድሬ ደጃፍ ሲደርስ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ነበር፤ ዛሬ የዕድራችን ጸሐፊ ነው። ዕድሩንም የሚመራው እንደ ክፍለ ጦር ነው። ድስት በፊርማ ይወጣል፣ በፊርማ ይገባል፤ ጭልፋ የጠፋ ጊዜ ምርመራው ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። በዕድሜው አንቱ ልለው ሞክሬ «ድሬ ነን አቦ፣ አታስረጀኝ» ብሎ ከልክሎኛል። የእህቱ ልጅ አሜሪካ ሄዶ ወታደር ሆኗል። ልጁ ሌላ ግዛት ለሥልጠና ታዞ፣ በምን ልሂድ ሲል ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ሲጻጻፍ ከርሟል። የተጻጻፈውን ለአጎቱ በስልክ ይነግረዋል፤ አጎቱ ለእኔ።

«መጽሐፍ አላቸው» አለኝ አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ ሳትከር ኒም ዛፏ ሥር ተቀምጠን። «የጋራ የጉዞ ደንብ ይሉታል። ምድር ጦሩም፣ ባሕር ኃይሉም፣ አየር ኃይሉም የሚንቀሳቀሰው በሱ ነው። ለግዳጅ ስትላክ አዛዡ ቁጭ ብሎ ያሰላል። አውሮፕላን ይሻላል፣ ባቡር ይሻላል፣ አውቶቡስ ወይስ የመንግሥት መኪና? ለመንግሥት የሚበጀውን ነው የሚመርጠው።»

«በናንተ ጊዜስ?»

«በኛ ጊዜ ምርጫው ሁለት ነበር። ወይ ኦራል ላይ ትወጣለህ፣ ወይ ኦራሉን ትገፋለህ።»

ከዚያ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ሕይወቴን ሊቀይር የነበረውን አንቀጽ ወረወራት። «አንድ የገረመኝ፣» አለ፣ «በራስህ መኪና ሂድ ብሎ ማዘዝ ክልክል ነው። ጄኔራልም ይሁን።»

ድገመው አልኩት። ደገመው። በዓለም ላይ ትልቁን የጦር በጀት የያዘ ሠራዊት፣ ሚሳይል ተኩስ ብሎ የሚያዝ ጄኔራል፣ አንዱን ተራ ወታደር «ኮሮላህን አስነሳና ሂድ» ማለት አይችልም! ወታደሩ ራሱ ፈቅዶ፣ ለሥራው ይበጃል ተብሎ ሲጸድቅለት ነው የሚነዳው። ያኔ ደግሞ ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር፣ የዶላር ሳንቲም። ነዳጁም፣ የጎማው ማለቅም፣ የመኪናዋ እርጅናም እዚያው ሳንቲም ውስጥ ተቆጥሯል፤ የማቆሚያ ክፍያ ለብቻ። ከድሬ ሐረር ብንል 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ 34 ማይል፣ መሄጃው ብቻ ወደ 24 ዶላር። በብር አላሰላሁትም፤ ልቤ ደካማ ነው።

ደንቡ ወታደሩ የመንግሥትን ገንዘብ ሲያወጣ የራሱን እንደሚያወጣ ሰው ይጠንቀቅ ይላል አሉ። ይቺን ስሰማ ድሮ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ትዝ አለኝ። ሐረር ለስብሰባ እንላካለን፣ ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ቡድኑ ግን ሸዋ በር አካባቢ ቡና ላይ ቡና እየደገመ ይቀመጣል። መንገድ ተዘግቶ አይደለም። የእራት አበል የሚታሰብበት ሰዓት እስኪያልፍ ነው።

በሳምንቱ የዕድራችን አባል ወንድም ሐረር ላይ አረፈ። እሑድ ጠዋት ኒሟ ሥር ተሰበሰብን፤ ለቅሶ የሚደርሱ ስድስት ሰዎች ተመረጡ። ሊቀመንበሩ «መጓጓዣ» የምትለዋን ቃል ገና ሳይጨርስ ሃያ አራት ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ሁለቱ ዓይኖች ብቻ ወደ መኪናዋ ነበሩ፤ ጎማዋን እያዩ።

እጄን አወጣሁ። «በምን እንሂድ የሚለው መጀመሪያ ይመረጥ» አልኩ።

ዝም ተባለ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በዕድሩ ታሪክ ተነስቶ አያውቅም። አንዱ ሚኒባስ አለ፤ እስኪሞላ መናኸሪያ ስንጠብቅ ሰልስቱ ይደርሳል ተባለ። አንድ ወጣት ባጃጅ ብሎ ተሳቀበት፤ የደንገጎን ዳገት የሚያውቅ ባጃጅ አይልም። የምድር ባቡር ጡረተኛው አባባ ተነሱ፤ እሳቸው ከተነሱ ቶሎ አይቀመጡም። «ባቡር ቢሆን ኖሮ...» ብለው ጀመሩ። «ፈረንሳዮቹ ሐዲዱን ሐረር ሊያስገቡ ነበር። ዳገቱን አይተው ወጪው አስፈራቸው። ታች ሜዳው ላይ አቆሙና በ1895 ዓ.ም. ይቺን ከተማ ቆረቆሩ። ስሟንም አዲስ ሐረር አሏት።» ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ግን የዚያን ዕለት በሌላ ጆሮ ሰማሁት። ለካ ከተማችን ራሷ የጉዞ ወጪ ተሰልቶ፣ «ዳገቱ አያዋጣም» ተብሎ የተወለደች ናት። ኩባንያ ከነገንዘቡ እምቢ ያለውን ዳገት እኔ በቪትዝ፣ ሰባት ሰው ጭኜ፣ በነፃ!

ይህን ተናገርኩ። ቀጥዬም የአሜሪካንን ጦር ጠቀስኩ። ማንም አዛዥ በራስህ መኪና ሂድ ብሎ ሊያዝ አይችልም፣ ምስክሬ ሃምሳ አለቃ ነው አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ቀስ ብሎ መነጽሩን አደረገ። «እውነት ነው» አለ። «ማዘዝ አይቻልም። እዚህም ያዘዘህ ሰው የለም። ማነው ያዘዘው?» ወደ ጉባኤው ዞረ። ማንም አላዘዘም። «ደንቡ ማዘዝ ከለከለ እንጂ መለመን አልከለከለም» አለና ለእናቶች መቀመጫ በእጁ ምልክት ሰጠ። መድፈኛ ጦሩን ያሰማራ ነበር የሚመስለው።

«በሞቴ!» አሉ አንዷ። «ምነው ልጄ፣ አንተስ ለቅሶ የለብህም?» አሉ ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አይተውኝ ብቻ ዝም። የአሜሪካ ጦር ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ያለው አይመስለኝም።

ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ከኋላ አራት እናቶች፣ በጭናቸው ላይ አንድ ሞሰብ፤ ሞሰቡ ሥር የተቀመጠ አንድ ልጅ አለ፣ ማን እንዳስገባው አልታወቀም። ከፊት ሃምሳ አለቃ፣ ክርኑን መስኮት ላይ አድርጎ። ደንገጎ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀይ መጠጋት ስትጀምር ኤሲውን አጠፋሁ። ከኋላ በአንድ ድምፅ «ውይ!» ተባለ። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ አንድ አይሱዙ ጭስ እየተፋብን፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትኩ፣ ሃምሳ አለቃ ፍሬቻ የሚጠፋበትን ጊዜ ሁሉ እየነገረኝ ወጣን። አናቱ ላይ ብርዱ ሲነካቸው ደግሞ «መስኮቱን ዝጋው፣ ልትገድለን ነው?» መጣ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ በሙቀትም በብርድም ልገድላቸው የሞከርኩት እኔ ነኝ።

ለቅሶውን ደረስን፣ እህል ቀመስን፣ ተመለስን። አወዳይ ላይ «አንዴ ቆም በልልኝ» ተባለና የቆምነው አርባ ደቂቃ ነው። ድንች ገባ፣ ጎመን ገባ፣ የሃምሳ አለቃ የጫት እስርም በኮባ ተጠቅልላ በክብር ከፊት ገባች። የኋላው ጎማ ከጭቃ መከላከያው ጋር ሲሳሳም ይሰማኝ ነበር።

ሐሙስ ሃምሳ አለቃ በመዝገብ ጠራኝ። ሒሳብ ሊሠራልኝ ነው! ደስ አለኝ፤ ሰባ ሳንቲሟን አስታወስኩት።

«ሰባ ሳንቲሟ በራስህ መኪና መሄድህ ለመንግሥት ይበጃል ተብሎ ሲጸድቅ ነው» አለኝ። «አንተን ማን አጸደቀህ? ስትለመን እሺ አልክ። በፍላጎትህ ነው። በፍላጎቱ የሄደ ሰው ደግሞ ጣሪያ አለው። ልጁ አውሮፕላን ተፈቅዶለት በራሱ መኪና ቢሄድ፣ የሚከፈለው ከአውሮፕላኑ ዋጋ አይበልጥም። ያንተ ጣሪያ ሚኒባስ ነው።»

«የሰባት ሰው?»

«ማይል የሚታሰበው ለሚነዳው ነው፣ ለተሳፋሪ አይታሰብም። የአንድ ሰው።» ይህችን የመጨረሻዋን ራሱ የቀጠላት ትመስለኛለች፤ ግን መጽሐፉ እኔ ጋ የለም። የአንድ ሰው የሚኒባስ ሒሳብ ደርሶ መልስ ጻፈልኝና ገጹን ገለጠ። «አሁን ቅጣትህ። ሦስት ቀብር ላይ ስምህ ሲጠራ አልነበርክም።»

«ሃምሳ አለቃ፣ ያን ጊዜ እኮ ድንኳኑንና አግዳሚውን ያመላለስኩት እኔ ነኝ! አንተ ነህ ጭነህ የላክኸኝ!»

«አውቃለሁ» አለ። «መኪናዋ ተገኝታለች። አንተ አልተገኘህም።»

የሦስት ቀብር ቅጣት ከአንድ ሚኒባስ ሒሳብ ይበልጣል። ልዩነቱን ከፈልኩ። ደረሰኝ ቆረጠ፣ ማኅተም መታበት፣ ማኅተሙን በትንፋሹ አሙቆ ደግሞ መታ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ሽርጡን አጠባበቀና ተነሳ።

«በል፣ ቀፊራ ድረስ ጣል አድርገኝ» አለኝ። «አላዘዝኩህም።»