ማስተካከያ፦ «ቲፒንግ ዘ ቬልቬት» እውነተኛ ታሪክ አይደለም
ባለፈው ጽሑፌ፣ በቪክቶሪያ ዘመን የሁለት ሴቶችን ፍቅር የሚተርከው የቢቢሲ ድራማ «ቲፒንግ ዘ ቬልቬት» በአንዲት ሴት የዕለት ማስታወሻ ላይ የተመሠረተ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታየው ይህ ባለ 3 ክፍል ድራማ የተወሰደው ሳራ ዋተርስ በ1998 ካሳተመችው ልብ ወለድ ነው። የወንድ ልብስ ለብሳ በመድረክ የምትዘፍነውን ኪቲን ተከትላ ከዊትስታብል ለንደን የምትገባው ናን የደራሲዋ ፈጠራ ናት።

ያምታታሁት በእውነተኛ የዕለት ማስታወሻ ላይ ከተመሠረተው ሌላ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ከ«ጀንትልማን ጃክ» ጋር ነው። የዚያኛው ባለታሪክ አን ሊስተር ከ1791 እስከ 1840 በእርግጥ የኖረች፣ በሃሊፋክስ አቅራቢያ ርስት የነበራት እንግሊዛዊት ናት። ማስታወሻዋ ወደ 5 ሚሊዮን ቃላት ይደርሳል፤ ፍቅሯን የገለጸችበትን ጨምሮ አንድ ስድስተኛ ያህሉ በምስጢር ፊደል የተጻፈ ነው። እውነቷን በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ያኖረች ሴት ታሪኳን በእኔ ቸልተኝነት ለልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ መስጠቴ ከልብ ያሳዝነኛል። «ጀንትልማን ጃክ» የሚጀምረውም በ1832፣ ቪክቶሪያ ከመንገሷ 5 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።