የሚያሰቃየው ዜማው አይደለም
እስረኞችን በሙዚቃ ስለማሰቃየት የሚያወራው ጽሑፍ «መጥፎ ዘፈን ብቻውን እስረኛን ያናዝዛል» ማለቱ ፈጽሞ አልተዋጠልኝም። የሚያሰቃየው የዜማው መጥፎነት ሳይሆን ማጥፋት አለመቻሉ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን መርማሪዎች በኢራቅ እስረኞች ላይ ደጋግመው ካጫወቷቸው መካከል የአንድ የሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም መዝሙር ይገኝበታል፤ ያውም ስለ መዋደድ የሚዘምር! ድምፁ ጣሪያ ሲነካ፣ ያው ዘፈን ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ፣ እንቅልፍም ሲከለከል የማንም ምርጥ ዘፈን ጅራፍ ይሆናል። በዚያው ጽሑፍ ሥር «ሙዚቃ ማንን ገድሎ ያውቃል? ቀልድ ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ ደግሞ፦ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ በሰሜን አየርላንድ እስረኞች ላይ የተጠቀመችባቸውን 5 የምርመራ ዘዴዎች ኢሰብአዊና አዋራጅ ብሏቸዋል፤ ከእነዚህ አንዱ የማያቋርጥ፣ ፉጨት መሰል ከፍተኛ ድምፅ ነበር። (ማሰቃየት ብሎ ለመጥራት ግን አልደፈረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።) በ1989 እ.ኤ.አ. የፓናማው ወታደራዊ ገዢ ኖሬጋ ከአሜሪካ ጦር ሸሽቶ በተሸሸገበት የቫቲካን ኤምባሲ ዙሪያ የአሜሪካ ወታደሮች ሮክ ሙዚቃ ማስጮኻቸው ሊያስቅ ይችላል፤ እሱ ግን ቢያንስ ጆሮውን የሚደፍንበት እጁ አልታሰረም ነበር።