ክርክር፦ የድሬዳዋ የእግረኛ መንገድ ሲታቀድ የልጆች ድርሻ ምን ይሁን?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ «በድሬዳዋ የእግረኛ መንገዶችና በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ የሚዘረጉ የእግር መሄጃዎች ሲታቀዱ፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች መስመሩ ከመወሰኑ በፊት በዕቅዱ ሥራ ሊሳተፉ ይገባል።» ሐሳቡን የሚደግፉት አንዲት የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ሲሆኑ፣ የሚቃወሙት በመንገድና በፍሳሽ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆዩ መሐንዲስ ናቸው።

መምህርቷ፦

በከተማችን የመንገድ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለመኪናው ነው፤ ቀጥሎ ባለሱቁ ይጠየቃል፤ እግረኛው ከተጠየቀም መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእግረኞች መካከል ደግሞ ልጅን ማንም አይጠይቀውም። ይሁን እንጂ ከመጋላ ሰፈር ተነሥቶ ደቻቱን ተሻግሮ ከዚራ ሰፈር የሚማረው፣ ቀፊራ ገበያ የሚላከውና ዕቃ ይዞ የሚመለሰው ልጅ ነው። በየቀኑ የባጃጅ የሚሰጠው ልጅ ጥቂት ነው።

የካርታ ትምህርት ስጀምር ተማሪዎቼ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት የሚመጡበትን መንገድ በነጭ ወረቀት እንዲስሉ አደርጋለሁ። ሥዕሎቹ ከከተማው ካርታ ጋር አይገጥሙም። አጭሩን መንገድ ትተው በሌላ ቅያስ የሚዞሩ አሉ፤ ምክንያታቸውን ስጠይቅ አንዱ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ቱቦ ያሳየኛል፣ ሌላዋ ባጃጆች ወደ ኋላ እየነዱ የሚዞሩበትን ማዕዘን ታከብበታለች፣ ሦስተኛው ደግሞ መንገዱን በአንድ በኩል ጀምሮ መሐል ላይ ወደ ማዶ የሚሻገረው ጥላው ወደዚያ ስለሚዞር መሆኑን በእርሳስ ጥቁር አድርጎ ቀብቶ ያስረዳል።

የጥላው ነገር ቀላል አይደለም። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማገባደጃ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ በዚያ ሰዓት ግድግዳ የቱንም ያህል ቢረዝም ጥላ አይሰጥም፣ ጥላ የሚገኘው ከላይ ከተዘረጋ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። በፈረቃ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጧቱ ፈረቃ የሚወጣውና የከሰዓቱ የሚገባው ደግሞ ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ትልልቁ ሰው በሐሩሩ ሰዓት ቤቱ ገብቶ ያርፋል፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ልጁ ነው። ኬቪን ሊንች የተባለው አሜሪካዊ የከተማ ዕቅድ ሊቅ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዩኔስኮ ድጋፍ በአርጀንቲና፣ በአውስትራሊያ፣ በሜክሲኮና በፖላንድ የሚኖሩ ልጆች ስለ ሰፈራቸው እንዲጠየቁ ሲያደርግ፣ በየአገሩ ተደጋግሞ የመጣው ምኞት ዛፍ ነበር። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ቦልደር ከተማ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲውና የትምህርት ቤቶች አስተዳደሩ ከ2009 ጀምሮ፣ ይህም እንደነሱ አቆጣጠር ነው፣ ልጆችን በመናፈሻና በመንገድ ዕቅድ የሚያሳትፍ ቋሚ የጋራ ሥራ አቋቁመዋል። እዚያ የሚሆነው እዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

መሐንዲሱ፦

ምክንያቱን እኔ ልንገርዎ፣ መምህርት። ቦልደር የእግረኛ መንገዱን ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ስለ ማሻሻሉ ልጆቿን የምትጠይቅ ከተማ ናት። እኛ ገና የቱቦ ክዳን እየገጠምን ነው። ክዳኑ መገጠም እንዳለበት ለማወቅም የልጅ ሥዕል አያስፈልገኝም፤ በቦታው አንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃኛል።

በከተማችን ለእግረኛ ከሁሉም የሚመቸው ሰፈር የትኛው እንደሆነ ማንንም ብንጠይቅ ከዚራ ይለናል። ከዚራን የነደፉት የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የመጡት የኩባንያው መሐንዲሶች ናቸው፤ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ ጎዳናዎቹንና በዳርና ዳር የተተከሉትን ዛፎች ያወረሱን ማንንም ልጅ ሳያማክሩ ነው። ወደ ሐረር ብንወጣም፣ ጀጎል ከባጃጅ በፊት የተሠራች ስለሆነች በመጠኗ ለእግር ተስማማች፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ በሆነው ግንቧ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መተላለፊያዎች የወሰናቸው ሰውና የተጫነ አህያ የሚተላለፍበት ስፋት እንጂ የተሳትፎ ስብሰባ አልነበረም። ጥሩ መንገድ ከጥሩ ልኬት ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ደቻቱ ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ለማቋረጫም ይጠቀሙበታል። የዳርቻ መሄጃ የት ይሁን ብለን ብንጠይቃቸው አሸዋው ላይ እንደሚሉን አልጠራጠርም፤ ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ መኪና የለበትም። ጎርፉ ግን የሚመጣው ከላይ ከደንገጎ ተራሮች በኩል ነው፤ ድሬዳዋ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ኮከብ እንደሞላበት ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ዛሬ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ያኔ አልተወለደም። በዕቅድ ጠረጴዛው ዙሪያ እናስቀምጣቸው የሚሏቸው ልጆች በሙሉ ደቻቱን የሚያውቁት በደረቁ ነው።

መምህርቷ፦

ኢንጂነር፣ ስለ ጎርፉ የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም ወንዙ ውስጥ ቋሚ መሄጃ ይሠራ አልልም። ነገር ግን ልጆቹ አሸዋው ላይ የሚገኙት ስለጠየቅናቸው አይደለም፤ ጠየቅናቸውም አልጠየቅናቸውም ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚያው ናቸው። ከጎርፉ በኋላ በዳርና ዳር የተሠራው ግንብ ውኃውን ከቤቶች ይከላከላል፤ አሸዋው ላይ ላለው ልጅ ግን ያው ግንብ አጥር ነው። ድምፁን ሰምቶ ሲሮጥ በየት በኩል ይወጣል? ልጆቹ በየት እንደሚወርዱ፣ ግንቡን የት ላይ እየተንጠላጠሉ እንደሚወጡ፣ ትንንሾቹ በየትኛው በኩል መውጣት እንደማይችሉ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመውጫ ደረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ በልኬት ብቻ እመርጣለሁ የሚል መሐንዲስ፣ ምናልባት ለግንባታ ወደሚያመቸው ቦታ ይሄድና ደረጃውን ልጅ ከማይደርስበት ያኖረዋል።

ስለ ከዚራም አንድ ነገር ልበል። የነደፉት ሰዎች ለማን እንደነደፉ ያውቁ ነበር፤ ለኩባንያው ሠራተኛና ለውጭ ዜጋ ነበር። ከወንዙ ማዶ ለነበረው ሕዝብ ማንም ዛፍ አልተከለለትም፤ መጋላ በራሷ አደገች። ባለሙያ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ሲሠራ የሚያምር ነገር ሊሠራ እንደሚችል አልክድም፤ የሚያምረው ግን እሱ ባሰባቸው ሰዎች በኩል ብቻ ነው። ጀጎልን ደግሞ ለክርክርዎ ባያነሡት ይሻልዎት ነበር፤ በአንድ ቢሮ የተነደፈች ከተማ አይደለችማ!

መሐንዲሱ፦

ደረጃውን ተቀብያለሁ፤ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ልብ ይበሉ፣ ያቀረቡት መረጃ ነው። መረጃ ለመሰብሰብ ቆጠራ አለ፤ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ሰው ቆሞ ልጆቹ በየት እንደሚያልፉ ይቆጥራል፣ ካርታ ላይ ያሰፍራል። መረጃ መስጠትና በዕቅድ መሳተፍ የተለያዩ ናቸው። የልጆችን ተሳትፎ ያጠናው ሮጀር ሃርት በ1992 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለዩኒሴፍ ባዘጋጀው ጽሑፍ የልጆችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል መስሎ ሲያቀርብ፣ ታችኞቹን ሦስቱን ጨርሶ ተሳትፎ አይደሉም ብሏቸዋል፦ ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ለጌጥ ማስቀመጥ፣ ለይስሙላ ማናገር። የእኛ አገር ስብሰባ በየትኛው እርከን እንደሚያርፍ እርስዎም እኔም እናውቀዋለን። ከየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ አባልና ደረጃ የወጣ ተማሪ ይጠራል፣ ቲሸርት ይለብሳል፣ ለስላሳ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ንድፉ ግን ከሳምንት በፊት አልቋል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚዞረው ሊስትሮና ሎተሪ አዟሪው ልጅ እዚያ አዳራሽ አይገባም። በአሁኑ የኮሪደር ልማት ሥራ ሌትና ቀን እየተቆፈረ ባለበት ፍጥነት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ልጅን ጠርቶ አለመስማት ካለመጥራት ይከፋል፤ ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም።

መምህርቷ፦

ቆጠራን አልንቅም፤ የማያሳየው ነገር ግን አለ። ልጅ የተወው መንገድ በቆጠራ አይገኝም። ከተማችን ሕይወት የሚዘራባት ሲመሽ ነው፤ ሐሩሩ ሲበርድ ሁሉም ይወጣል፣ ወንዶቹ ልጆች እስከ ምሽት በየመንገዱ ይታያሉ። ሴት ተማሪዎቼ ከ12 ሰዓት በኋላ የማያልፉባቸው ቅያሶች አሉ፤ መብራት የሌለበት፣ ረጅም የፋብሪካ ወይም የመጋዘን አጥር ብቻ ያለበት፣ ከቤት ሆኖ የሚያይ ሰው የማይገኝበት። የቆመው ቆጣሪ እዚያ አጠገብ ዜሮ ይጽፍና ይሄዳል፤ ዜሮውን አይቶ የሚያቅደውም መንገደኛ የለም ብሎ መብራቱን ወደ ሌላ ያዞረዋል።

የይስሙላውን ስብሰባ በተመለከተ ቁጣዎ ቁጣዬ ነው። መፍትሔው ግን ልጆቹን ማስቀረት ሳይሆን የስብሰባውን ደንብ መለወጥ ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጽ 12 ልጁ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው ይገባል ይላል። የወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ስለሆነ፣ የ13 ዓመቷ ልጅ በወጣት ፎረም በኩል እንኳ ቦታ የላትም። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት ልጆቹ ከባለሙያው ጋር መንገዱን በእግራቸው ይሂዱት፣ ይህም አዳራሽ ስለማይፈልግ ሊስትሮውም ይገባበታል፤ ካነሡት ሐሳብ ተቀባይነት ያላገኘው ደግሞ ለምን እንዳላገኘ በጽሑፍ ይመለስላቸው።

መሐንዲሱ፦

በእግር መሄዱን አልቃወምም። የጽሑፍ መልሱ ግን ያስፈራኛል፤ የሚጽፈው ሰው ስለሌለን ብቻ አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ከቀፊራ ወደ ድልድዩ በሚወስደው በኩል የእግረኛው መንገድ በጉልት የተያዘ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ቃሪያ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ተማሪው አስፋልት ላይ ወርዶ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ልጆቹን ብንጠይቅ ጉልቶቹ ይነሡልን ይላሉ፤ ልክም ናቸው። እኔ ይህንን ተቀብዬ ብጽፍ፣ ነገ ያንን ወረቀት ይዞ ሴቶቹን የሚያስነሣ ሰው ይመጣል፤ ምክንያቱንም ልጆች ስለጠየቁ ነው ይላል። የልጅ ቃል ለዚህ ዓይነት ሥራ ሲውል አይቻለሁ።

መምህርቷ፦

ልጆቹ ይነሡልን ይላሉ ያሉት ከሩቅ ስላዩዋቸው ነው። በእኔ ክፍል ጉዳዩ ሲነሣ ከመጨረሻው ረድፍ አንዷ እጇን አውጥታ እናቷ የምትሸጠው እዚያ መሆኑን ተናገረች። ከዚያ በኋላ ማንም ይነሡ አላለም፤ ውይይቱ ጉልቶቹ ለምን ሁልጊዜ በዚያ በኩል እንደሚቀመጡ ወደ መፈለግ ዞረ። መልሱን ያገኙት ልጆቹ ናቸው፤ በዚያ በኩል ጥላ ስላለ ነው። ሴቶቹም ተማሪዎቹም የሚሻሙት አንዲቱን ጥላ ነው። በማዶው በኩል ዛፍ ቢተከል አንዱ ወገን ይሻገራል።

መሐንዲሱ፦

እንግዲህ ወደ ዛፍ ተመለስን። መስመርና ከፍታ፣ የቱቦ ቁልቁለትና የግንብ ውፍረት ከልጆች ጋር የምመክርበት ጉዳይ እንዳልሆነ አሁንም እጸናለሁ፤ ደረጃው ሲናድ የሚጠየቀው የእኔ ፊርማ ነው። ጥላ፣ መብራት፣ መሻገሪያና መውጫ የት ይሁኑ የሚለውን ግን አብረን እንሂድና እንየው። ለዚያም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱን ከእርስዎም ከልጆቹም እጠብቃለሁ። ኒምም ይሁን የድሬዳዋ ዛፍ፣ ማዶ የሚተከለው ችግኝ ሥሩ ውኃ እስኪያገኝ ድረስ ባሉት ዓመታት ክረምት ከበጋ ማን ያጠጣዋል? በግንባታው ውል ውስጥ ለዚህ የሚሆን በጀት ከርክክቡ በኋላ የለም።