ጥቁሩ ፌስታል

ቤት ከቀየርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸውም ሆነ እንደ እኔ ተከራይተው የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የተበተኑ ሁሉ ያውቁታል፤ አዲስ ሰፈር ስትገባ ዕቃህን ሳትፈታ የምታጣራው ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ ነው። ቀጥሎ የታክሲ ተራው የት እንደሆነ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን።

እሑድ በሌሊት ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ እንደሚቆሙ አውቃለሁ። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም። (በአዲስ አበባ አቅጣጫ ማለት «ፋርማሲው ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ነው፤ «ወደ ሰሜን ሂድ» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።) በጨለማው ነጭ የለበሰ ሰው ተከትዬ ገባሁ። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ሲነጋጋ ዙሪያዬን ሳይ ከፊቴ እናት፣ ከኋላዬ እናት፣ በቀኜ ሕፃን ያዘለች እናት። «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል» ያለኝ የለም። ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ከፍ አድርገው ያዩኛል፤ በቃ። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ አዝና በአገጯ ወደ ማዶ ጠቆመችኝ።

ጫማዬን አንጠልጥዬ በወንዶቹ በር ዞርኩ። እንደያዝኩት መቆሙ አሳፈረኝና ከተደረደሩት ጎን አስቀምጬ ልገባ ስል፣ መቋሚያ የተደገፉ አንድ አባት ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይዘኸው ግባ። እዚህ ሌባም ያስቀድሳል።»

መያዣ እንደሌለኝ ገባቸው። ከኮታቸው ኪስ ተጣጥፎ የኖረ ጥቁር ፌስታል አወጡ፣ አራገፉት፣ ሰጡኝ።

ወንጌል ከተነበበ በኋላ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል። ገና ያልተጠመቁ፣ በትምህርት ላይ ያሉ ይውጡ ማለት ነው። እኔ በ40 ቀኔ የተጠመቅኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን «አዲስ ገቢዎች ውጡ!» የተባለ መስሎኝ ግራ ቀኜን አየሁ። ቆየት ብሎ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ተባለ፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ። ቅድም ከዓምዱ ሥር በክርኑ ገፍቶ ያስለቀቀኝ ጎልማሳ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና እጅ ነሣኝ። እኔም እጅ ነሣሁት። ቀና ስንል ክርኑ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሌላውንም ዓይነት አቀባበል ስለማውቀው ብዙ አላማርርም። አንድ ጊዜ ጴንጤ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ቸርቹ ጋብዞኝ ሄጄ ነበር። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ፣ እስቲ ብድግ በሉልን!» አሉ። አልተነሣሁም። ባልደረባዬ በጣቱ ጠቆመብኝ። ተነሣሁ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ፤ ተዘመረልኝ፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቀፍኩ፤ ፎርም ሞላሁ። ማክሰኞ ተደወለልኝ። ሐሙስም ተደወለልኝ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ በሳምንት ሁለቴ አትደውልልኝም! እንግዲህ የአገራችን እንግዳ ወይ ማንም አያየው፣ ወይ ስምንት መቶ ሰው ያየው።

«እትዉ በሰላም» ተብለን ስንወጣ ግን እኔም የሚቀበለኝ አገኘሁ። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ካርኒ ይዘው የተቀመጡ ሰውዬ ናቸው።

«አዲስ ነህ?»

በስንት ጊዜ! «አዎ፣ አዲስ ነኝ» አልኩ ፊቴ በርቶ።

«ሰበካ ጉባኤ ተመዝግበሃል?»

«ገና ነኝ።»

«እና ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብርሃል?»

ሰበካ ጉባኤ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ በተባለው የቤተ ክርስቲያን ደንብ የተደራጀ ነው። ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አጥቢያቸውን አብረው የሚያስተዳድሩበት ነው፤ በወረቀት ላይ ሥራው ተቆጥሮ አያልቅም። ሕዝቡ የሚያውቀው ግን አንዱን ነው፦ ቀብር። እኔ ገና የውኃውን ተራ አላወቅኩም፤ መቀበሪያዬ ግን ተዘጋጅቷል። የሰፈሩ ሰው ሆኜ ለመቆጠር መጀመሪያ ሬሳ ሆኜ መታሰብ ነበረብኝ። የስድስት ወር ከፈልኩ። ሰውየው ካርኒውን ቀደው ሲሰጡኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ጫማዬን አጥልቄ ፌስታሉን ልመልስ ያንን አባት ስፈልግ፣ በሩ ላይ አጎንብሰው መሬት መሬት ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ምነው አባቴ?»

«ጫማዬ ነዋ።»

ለካ የነበረቻቸው ፌስታል ያቺው አንዷ ነበረች። ለእኔ ሰጥተው የራሳቸውን በር ላይ ትተውት ገብተዋል። «ስንት ዘመን ሳልለየው ኖሬ፣ ዛሬ ብለየው!» አሉ። ሌባውን አልረገሙም። ምናልባትም አብሮን ያስቀደሰ ስለሆነ ይሆናል።

ምድር ልግባ አልኩ። «ቤቴ እዚችው ነው፤ ነጠላ ጫማ አለኝ፣ ይሂዱ እንጂ» ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ኮብልስቶኑን በካልሲ እየረገጡ፣ ጠዋቱን ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን በአንድ መንገድ ጨረሱት። አገርህ የት ነው? አባትህ ማነው? ሚስትስ? ኪራዩ ስንት ነው? (ስነግራቸው ቆመው አማተቡ።) የክርስትና ስምህስ? ነገርኳቸው። «ሞክሼ ነን!» ብለው በመቋሚያቸው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። በየፎቁ እያረፍን ደረስን። በሩን ከፍቼ «ይግቡ» ስላቸው ደፉ ላይ ቆሙ፤ አቧራ የጠጣ ካልሲያቸውን ቁልቁል አዩና፣

«ጫማ ላውልቅ?» አሉኝ።