ያልገባውን ጎል ማን ይቆጥረዋል?

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከልምምድ ሲመለስ ጫማውን በሩ ጥግ ወርውሮ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። «ምን ሆንክ?» ስለው ቆይቶ ቆይቶ «ተከላካይ አደረገኝ» አለ። አሰልጣኙን ማለቱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ያን ቀን ምክር አልሞከርኩም። ልጅ በተቆጣበት ሰዓት ምክር አይገባውም። በኋላ ሳስበው ግን ልጁ ዝም ብሎ አልተናደደም። ከእኛ ከትልልቆቹ የተማረው ነገር ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ስንት ጨዋታ አይቷል። ጎል ሲገባ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ተከላካይ ሲሳሳት ጭንቅላቴን እይዛለሁ። ተከላካይ በትክክለኛው ቦታ ሲቆም ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ታዲያ ከየት አምጥቶ ይውደደው?

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። እንደ እኔ ጨዋታ ሲያይ ለኖረ ሰውም ነው። የተከላካይን የኳስ ዘመን የምንለካበት ሚዛን የተበላሸ ይመስለኛል። አጥቂ አሥር ኳስ ስቶ አንዷን ካገባ ጀግና ነው። ተከላካይ 89 ደቂቃ እንከን የለሽ ሆኖ በ90ኛው ቢንሸራተት ማታ በየስልኩ የሚዞረው ያ መንሸራተቱ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1993/94 ኤሲ ሚላን የጣሊያን ሴሪ ኣ ሻምፒዮን ሲሆን በ34 ጨዋታ ያገባው 36 ጎል ብቻ ነው። በጨዋታ አንድ ጎል ከምናምን ማለት ነው። ዛሬ እንዲህ የሚያገባ ቡድን ደጋፊው አጥቂ ይገዛልን ብሎ ይጮኻል። ሚላን ግን የተቆጠረበት 15 ጎል ብቻ ስለነበር ዋንጫውን ወሰደ። ታሶቲ፣ ኮስታኩርታ፣ ባሬዚ፣ ማልዲኒ። ያን ዋንጫ በዋናነት ያመጡት እነዚህ አራት ተከላካዮች ናቸው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እስቲ የመሃል ተከላካይን አንድ አፍታ ጠጋ ብለን እንየው። ኳሷ በተጋጣሚ የመስመር አጥቂ እግር ሥር ናት። ሊያሻማ ነው። ተከላካዩ ኳሷን ያያታል፤ ከጀርባው ያለውን አጥቂ ግን አያየውም። ስለዚህ አንገቱን ያዞራል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እጁን ወደ ኋላ ሰዶ የአጥቂውን ማሊያ በጣቱ ጫፍ ይነካል። አይጎትተውም፤ የት እንዳለ ማወቅ ነው የፈለገው። ደረቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ኳሷ አይሰጥም። በጎኑ ነው የሚቆመው። ፊት ለፊት ከቆመ ለመዞር ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በግማሽ ሰከንድ ደግሞ ጎል ይገባል። አጥቂው ወደ ቅርቡ ቋሚ ሊፈተለክ ሲል ተከላካዩ አንድ እርምጃ ይቀድመዋል። አንድ እርምጃ ብቻ። የመስመር አጥቂው ቀና ብሎ ያያል። የሚያሻማለት ሰው የለም። ኳሷን ወደ ኋላ ይመልሳታል። ኮሜንታተሩ በዚህ ሰዓት ስለ ቀጣዩ ሳምንት መርሃ ግብር እያወራ ይሆናል።

ያቺ እርምጃ በየትኛው መዝገብ ላይ ትገባለች? ሸርተቴ ይቆጠራል። ቴስታ ይቆጠራል። የተጨናገፈ ኳስ ይቆጠራል። አጥቂው ጭራሽ ኳስ እንዳይመኝ ያደረገች እርምጃ ግን አትቆጠርም። እንዲያውም ጎበዝ ተከላካይ ሸርተቴው ትንሽ ነው። ቦታውን ቀድሞ ስለያዘ መሬት ላይ መውደቅ አያስፈልገውም። ማልዲኒን እዩት። በ1985 በ16 ዓመቱ ለሚላን ተሰለፈ። በ2009 ጫማውን ሲሰቅል 41 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ነበር የቀሩት። 902 ጨዋታ፣ 5 የአውሮፓ ዋንጫ፣ አንድ ክለብ። ማሊያውን አቆሽሾ ሲወጣ ያየነው እምብዛም ነው።

ስህተቱ ግን ይቆጠራል። ሚዛኑ እዚህ ላይ ነው የሚከፋው።

በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ የጣሊያኑ ፍራንኮ ባሬዚ 34 ዓመቱ ነበር። ከኖርዌይ ጋር በተደረገው ጨዋታ ጉልበቱን ተጎዳና ኦፕራሲዮን ሆነ። አለቀለት ተባለ። በ24ኛው ቀን ግን ከብራዚል ጋር በተደረገው ፍጻሜ ላይ ተሰለፈ። በፓሳዴና ሙቀት 120 ደቂቃ ሮማሪዮንና ቤቤቶን ይዞ ዋለ። ብራዚል ጎል አላገባችም። 0 ለ 0። ከዚያ የመጀመሪያውን መለያ ምት እሱ መታና ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲወራ ሮቤርቶ ባጆ የመጨረሻውን መለያ ምት መሳቱ ይነሳል፣ የባሬዚ እንባ ይነሳል። 120ው ደቂቃ ግን አይነሳም። እኔ በበኩሌ ያን ጨዋታ አንድ ተከላካይ ሊጫወት ከሚችለው ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበት ገና ወር አልሞላውም እኮ!

በዚያው ውድድር የኮሎምቢያው ተከላካይ አንድሬስ ኤስኮባር ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ የተሻማ ኳስ ሊያቋርጥ እግሩን ዘረጋ። ኳሷ ዞራ የራሱ መረብ ውስጥ ገባች። ቡድኑ 2 ለ 1 ተሸንፎ በኋላም ከምድቡ ተሰናበተ። ከአሥር ቀን በኋላ ኤስኮባር በሜዴሊን ከተማ በጥይት ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር። ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ሰውዬው ያደረገው ሥራውን ነው። ያቺን ኳስ ዝም ብሎ ቢያያት ማንም በስሙ አያነሳትም ነበር።

ይህ ሁሉ በተከላካዩ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚናገሩ ጥቂት ናቸው። ፔር መርተዛከር በ2018 ሊያቆም ሲል ተናገረ። ከ100 በላይ ጊዜ ለጀርመን የተሰለፈ፣ በ2014 የዓለም ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። ከጨዋታ በፊት ያቅለሸልሸው እንደነበር ገለጠ። ጀርመን በ2006 በገዛ ሜዳዋ በግማሽ ፍጻሜ ስትሸነፍ ከሐዘኑ ጋር እፎይታም ተሰምቶት እንደነበር አልደበቀም። አንዳንዶች ይህን ሰምተው ተናደዱበት። እኔ ግን ገባኝ። ሥራህ አለመሳሳት ከሆነ ጨዋታው ሲያልቅ የሚሰማህ ደስታ ሳይሆን መትረፍ ነው። ይኸው መርተዛከር በ2017 ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በጉዳት ከርሞ፣ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ለአርሰናል ተሰልፎ ቼልሲን በመሃል ተከላካይነት ፊት ለፊት ገጠመ። 2 ለ 1 አሸነፉ። እንዲህ ያለ ብርታት ከየት ይመጣል?

ሥራው ራሱም ቆሞ አልጠበቃቸውም። እስከ 1992 ተከላካይ ሲጨንቀው ኳሷን ለበረኛው ይመልስና በረኛው በእጁ ያነሳት ነበር። ሕጉ ያን ከለከለ። በ1998 ከኋላ መጥቶ ተጋጣሚን አደጋ ላይ በሚጥል መንገድ መጥለፍ በቀይ ካርድ እንዲቀጣ ተወሰነ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የግብ ምት ሲመታ ኳሷ ከሳጥኑ መውጣት ስለማያስፈልጋት ተከላካዩ በገዛ ጎሉ አፍ ላይ ከተጋጣሚ አጥቂ ጋር እየተፋጠጠ እንዲያቀብል ይጠበቅበታል። ድሮ «ጥረግ!» ይባል ነበር። አሁን ከጠረገ ይጮሁበታል፤ ሲያቀብል ከተነጠቀም ይጮሁበታል።

ለእህቴ ልጅ ልነግረው የምፈልገው ደግሞ ይኸን ነው። ተከላካይ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ቪርጂል ቫን ዳይክ በልጅነቱ ማንም ትልቅ ይሆናል ያላለው ልጅ ነበር። ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ነው የተጫወተው። ለኔዘርላንድስ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈው በ24 ዓመቱ ነው። በ2018 መጀመሪያ ሊቨርፑል ለሳውዝሀምፕተን 75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ሲወስደው በወቅቱ ለተከላካይ ከተከፈለው ሁሉ ትልቁ ነበር። ብራዚላዊው ቲያጎ ሲልቫ በ2005 ሞስኮ እያለ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ወራትን ሆስፒታል ተኝቷል። ቻምፒየንስ ሊግን ያነሳው በ36 ዓመቱ ነው። የጣሊያኑ ካናቫሮ ቁመቱ 1 ሜትር ከ76 ነበር፤ ለመሃል ተከላካይ አጭር ነው የሚባል። በ2006 ግን የዓለም ዋንጫን አነሳ።

በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ባሎን ዶርንም ወሰደ። ሽልማቱ ከተጀመረ ከ1956 ወዲህ ይህን ያገኙ ተከላካዮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ቤከንባወር በ1972 እና በ1976፣ ዛመር በ1996፣ ካናቫሮ በ2006። ጀርመኖቹ ቤከንባወርና ዛመር ደግሞ ሊብሮ (ከተከላካዮቹ ኋላ በነፃነት የሚጫወት) ሆነው ወደፊት እየወጡ ማጥቃቱን የሚመሩ ነበሩ። በ2019 ቫን ዳይክ 679 ነጥብ አግኝቶ 686 ያገኘው ሜሲ በለጠው። በሜሲ መበለጥ አያሳፍርም። ግን ያን ዓመት እንኳ ካልሆነ ተከላካይ መቼ ነው የሚያገኘው ብዬ መጠየቄን አልተውኩም።

ሽልማቱስ ይቅር። የሚያሳስበኝ ከጫማ መስቀል በኋላ ያለው ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው በ2019 ውጤቱን አወጡ። ተጫዋቾቹ እንደ መርሳት በሽታ ባሉ የአንጎል በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በ2021 በሚጫወቱበት ቦታ ለይተው ሲያዩት በረኞቹ ከሌላው ሰው ብዙም አይለዩም። ተከላካዮቹ ግን አደጋው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። የተጫወቱበት ዘመን በረዘመ ቁጥርም ይጨምራል። ጥርጣሬው ያረፈው ቴስታ ላይ ነው። በየቀኑ፣ በየልምምዱ፣ ከበረኛ የተጠለዘ ኳስ በግንባሩ ሲቀበል የሚውለው ማነው? ተከላካዩ ነው።

ያ ጭንቅላት ለደጋፊው ነው የተሰጠው። ስለዚህ ክለብ ለተከላካዩ ያለበት ኃላፊነት ኮንትራቱ ባለቀበት ቀን ማለቅ የለበትም። ሐኪም፣ ምርመራ፣ ለቤተሰቡ ድጋፍ፤ ይህ እንደ ምጽዋት የሚሰጥ ሳይሆን የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ተብሎ መቆጠር አለበት። በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ ለፕሮፌሽናሎች በልምምድ ላይ በሳምንት ከ10 በላይ ኃይለኛ ቴስታ እንዳይገጩ የሚመክር መመሪያ አለ። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መመሪያ ብቻ ነው፤ ማን ቆሞ ይቆጥራል? ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ደግሞ በየትኛውም አገር በምክር ብቻ መተው የለበትም።

አሰልጣኙን ሄጄ አነጋገርኩት። ልጁን ለምን ተከላካይ አደረግከው አላልኩም። በሳምንት ስንት ቴስታ ታስገጫቸዋለህ ብዬ ነው የጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ቆጥሬ አላውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን እቆጥራለሁ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። ልጁን ለምን እንደመረጠውም ሳልጠይቀው ነገረኝ፦ «ሁሉም ኳሷን ያያል። እሱ ሰው ያያል።»

ማታ ልጁ አጠገቤ ሲቀመጥ የድሮውን የሚላን ጨዋታ ከፈትኩለት። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬን ከእጄ ወሰደ። የሚላን ተከላካዮች በአንድ ላይ ወደፊት ወጥተው አጥቂውን ኦፍሳይድ ሲያስገቡት፣ ባሬዚ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ የሚታይ ቦታ አለ። አቁሞ ወደ ኋላ መለሰው። እንደገና አየው።

«እጁን ከማንሳቱ በፊት እግሩ ወጥቷል» አለኝ። «አየኸው? እግሩን እይ።»

እኔ አላየሁትም ነበር። ድጋሚ መለሰልኝ።